ገንዘቡ የሚጋለጠው ቦሌ ነው

ዘመድ ወደ ውጭ የምትሸኙም፣ ራሳችሁ ጓዛችሁን የምታሰናዱም፣ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ረዘም ይላል፤ የብዙ ሰው ላብ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ግን ላሳጥረው አልፈለግኩም።

ቤታችን ገርጂ ነው። ለኤርፖርቱ ቅርብ በመሆኑ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ሁሉ የመጨረሻዋን ሌሊት የሚያድረው እኛ ጋ ነው። ዕቃ ልታመጣ ዱባይ የምትሄድ ነጋዴ፣ ጓንዡ የሚመላለስ ወጣት፣ ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የሚሄዱ አዛውንት፣ ለሥራ ቤሩት የምትሄድ ልጅ፣ ሁሉም በሳሎናችን አልፈዋል። ገንዘባቸው ተሰርቆ፣ የሄዱበትን ሳይፈጽሙ ባዶ እጃቸውን የተመለሱም አሉ። የተሰረቁትን ሰዎች ታሪክ ደጋግሜ ስሰማ አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። ሌባው እጁን የሰደደው ሮም ወይም ጆሃንስበርግ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ለሌባ እንዲመች ሆኖ የተቀመጠው እዚሁ፣ በሽኝቱ ዋዜማ ነው።

እስቲ ሽኝታችንን አስቡት። ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛውም ተሰብስቧል። ቡናው እየተፈላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስንት ይዘሽ ነው የምትሄጂው? ይበቃሻል?» ይላል። መልሱ ለሁሉም ይሰማል። ዶላሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይቆጠራል፤ ሌላው ደግሞ አንዷን መቶ አንስቶ «ይቺ አሮጌዋ ናት፣ አይቀበሉሽም» እያለ ያገላብጣታል። ከዚያ ሁሉም አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው የእጅ ቦርሳ ውስጥ፣ ፓስፖርቱም እዚያው፣ ወርቁም እዚያው። ኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ ሲደረስ እናት ከመቀነቷ ፈትታ፣ አጎት ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ይጨምርላታል። ተጓዧ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቦርሳዋን ከፍታ ትከተዋለች። በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው፤ ሽኝቱ ይቅር የምል ሰውም አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተጓዧ ስንት እንደያዘችና የት እንዳስቀመጠችው የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። እሷም ገንዘቧን ሌላ ቦታ ለማድረግ ጊዜ አላገኘችም፤ እንዳለ ተሸክማው ትሳፈራለች።

ይህ ነገር ከሌላው አገር ተጓዥ ይልቅ እኛን የሚጎዳበት ምክንያት አለ። ጀርመናዊ ኪሱ ቢወለቅ ካርዱን በስልክ አዘግቶ ማታውኑ ከቤተሰቡ ገንዘብ ይላክለታል። የእኛ ሰው የሚጓዘው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። አሁን አሁን ባንኮቻችን ለተጓዥ ዓለም አቀፍ ካርድ እየሰጡ መሆናቸው ጥሩ ነው፤ የምትችሉ ከገንዘባችሁ ከፊሉን በካርድ ያዙ። ጥሬ ገንዘቡ ቢጠፋ ግን ከአዲስ አበባ ዶላር ልኮ ማዳን ቀላል አይደለም። ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት 1 ሺህ ዶላር በባንክ ዋጋ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከዓመት በኋላ ከ130 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። ያውም የተጓዡ ብቻ ገንዘብ አይደለም። ከዕቁብ የወጣ፣ ከእህት የተበደሩት፣ በሬ የተሸጠበት አለበት።

ድሮ ሲራራ ነጋዴ ገንዘቡን መደበቅ አይችልም ነበር። አንድ ማርትሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሺውን ልያዝ ያለ ሰው 28 ኪሎ ብር በበቅሎ መጫን ነበረበት። ስለዚህም በቅፍለት፣ ጠመንጃ ከያዘ አጃቢ ጋር ይሄድ ነበር። ዛሬ 5 ሺህ ዶላር በመቶዎቹ 50 ቅጠል ነው። ሁሉም ተደራርቦ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ክብደቱም 50 ግራም። ይህን የሚያክል ነገር ገላ ላይ ቢያዝ ማንም አያየውም። በፖስታ አድርጎ ቦርሳ ውስጥ መያዝ፣ መደበቅ የሚቻለውን ነገር አውጥቶ እንደማሳየት ነው።

ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ እንግዶቻችንን ወደ እሱ መላክ ልማድ አድርገነዋል። ሱሪውን ወይም ቀሚሱን ይገለብጠዋል። ፓስፖርቱን ጨርቅ ላይ አጋድሞ በጠመኔ ዙሪያውን ያሰምራል፤ ፓስፖርት ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ እሱ ለስፌቱ ትንሽ ያስተርፋል። ጨርቁ ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ አይኮሰኩስም። ኪሱን ከወገቡ ጠርዝ ጋር በድርብ ስፌት ይሰፋዋል፤ አፉን ወደ ውስጥ፣ ወደ ገላ አዙሮ ዚፕ ያደርግለታል። ሲጨርስ ሁለት ጣቱን ከትቶ ወደ ታች በኃይል ይጎትተዋል፤ ካልተነቀለ ያስረክባል። ገንዘቡ በቀጭን ፌስታል ተጠቅልሎ ይገባበታል። እዚህ ኪስ ውስጥ የገባ ገንዘብ መንገድ ላይ አይወጣም፤ የሚከፈተው ሆቴል ክፍል ወይም ሽንት ቤት ውስጥ፣ በሩ ተቆልፎ ብቻ ነው።

ይህ ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ ዋናውን ገንዘብ በመቀነታቸው ጠቅልለው ወገባቸው ላይ ያስሩታል፤ ለጨውና ለጋዝ የምትሆነዋን ብቻ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሯታል። ቋጠሮዋ በሰው ፊት ትፈታለች፤ መቀነቱ አይነካም። ሐጅ የሚሄዱ ወንዶችም ኪስ የሌለውን ያልተሰፋ ኢህራም ለብሰው ገንዘባቸውን በወገብ ቀበቶ ይይዛሉ። ውጭ አገር ያለ ተጓዥም የዕለቱን ወጪ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ለይቶ መያዝ አለበት። ቢሰረቅም የሚሰረቀው የአንድ ቀን ምሳና ታክሲ ይሆናል። ቢላ የያዘ ቀማኛ ቢመጣ ደግሞ ያቺን ቦርሳ ሰጥቶ ነፍስን ማትረፍ ነው፤ ለዶላር ብሎ ከስለት ጋር መታገል አያስፈልግም።

ሻንጣ ውስጥ ገንዘብና ወርቅ የምታስቀምጡ፣ እባካችሁ ተዉ። በፕላስቲክ መጠቅለሉ ሻንጣው እንዳይፈታ ይረዳል እንጂ ውስጡን አያስጠብቅም። ለአብዛኛው ዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራው የሞንትሪያል ስምምነት የሻንጣ ካሳን 1,519 ኤስ.ዲ.አር ላይ ይገድበዋል፤ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ማለት ነው፤ አየር መንገዶችም በውል ጽሑፋቸው ለተላከ ሻንጣ ውስጥ ላለ ጥሬ ገንዘብና ጌጣጌጥ ኃላፊ እንደማይሆኑ ይገልጻሉ። ከራስ በላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫም ቢሆን ሰው ሲተኛ የሚከፍቱ ሌቦች አሉ፤ የሆንግ ኮንግ ፖሊስ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከአውሮፕላን ሲወርዱ በተደጋጋሚ ይዟል። ገንዘብ የያዘ ቦርሳ ከፊት ለፊት ወንበር ሥር፣ በእግራችሁ መካከል ይሁን።

ቦሌ የሚኖር ሰው ስለ ስርቆት አያውቅም አይባልም። ምራቅ ተፍቶባችሁ፣ ይቅርታ እየጠየቀ የሚጠርግላችሁን ሰውና በሌላው ጎን ኪሳችሁን የሚፈትሸውን ጓደኛውን እናውቃቸዋለን። በሞተር ሳይክል እየመጡ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ በዝተው በ2011 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር ሞተሮችን እስከማገድ ደርሶ ነበር። ለንደን ላይም በብስክሌት የሚነጥቁት በዚያው መንገድ ነው። እዚህ መኪና ውስጥ ስልክ ስናወራ መስኮት የምንዘጋ ሰዎች ግን አውሮፓ ስንደርስ፣ አገሩ ሥርዓት ያለው ነው ብለን እንዝናናለን። ዘዴው ያው ሆኖ ሳለ ጥንቃቄያችንን ቦሌ ጥለነው እንሄዳለን።

ሮምን ላንሳ፤ ከምሸኛቸው ሰዎች አንዷ ቦርሳዋን ያጣችው እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ፊዩሚቺኖ የሚያርፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባቡር ይዞ ቴርሚኒ ይወርዳል። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው፤ በ1879 ዓ.ም ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ የተሰየመ። ትንሽ ራቅ ብሎ የዶጋሊ ሐውልት አለ፤ ከለገሃር የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እስኪመለስልን ድረስ እዚያ ተተክሎ ነበር። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ መመልከቱ፣ ፎቶ ማንሳቱ አይቀርም። ያ ስፍራ ግን ኪስ አውላቂ የሚበዛበት ነው፤ ከዚያ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ደግሞ በዚሁ ስሙ የታወቀ ነው። ልጅቷ የቲኬት ማሽኑ ጋ ቆማ ነበር። ጥሩ የለበሰች ሴት «ላሳይሽ» ብላ ስክሪኑን እየነካች አስረዳቻት፣ ምስጋናም ተቀብላ ሄደች። ትከሻዋ ላይ የነበረው ቦርሳ ዚፑ ተከፍቶ ፖስታው የለም። ፖስታው ያው ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ የተቆጠረበት ነው፤ ለሕክምና የተሰበሰበው ሁሉ፣ ከፓስፖርቱ ጋር።

ጆሃንስበርግ ለሚሄዱ ደግሞ አደጋው ሌላ ዓይነት ነው። ከኦ አር ታምቦ ኤርፖርት ጀምረው መኪና ተከትለው ቤት በር ላይ የሚዘርፉ፣ ሰማያዊ መብራት አብርተው ፖሊስ መስለው የሚያስቆሙ አሉ። እዚያ ኤርፖርት ውስጥ ቆሞ ብዙ ዶላር መመንዘር፣ ዕቃ የበዛበት ጋሪ ገፍቶ መውጣት ራስን ማሳየት ነው። ጄፒ በሚባለው የከተማው ክፍል የሚነግዱ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታልና የሚቀበላችሁ ሰው ቀድሞ ይምከራችሁ።

የአረብ አገር እህቶቻችን ነገር ልቤን የሚነካው ከሁሉ በላይ ነው። ለእነሱ የሚያሰጋው መንገድ ላይ ያለ ኪስ አውላቂ ብቻ አይደለም። ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ብዙ አሠሪ ፓስፖርታቸውን ይይዛል፤ ደመወዛቸውን «ስትሄጂ እሰጥሻለሁ» ብሎ ያጠራቅማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም ቤሩት ውስጥ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል፤ ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ማንም እጁን ኪሳቸው ውስጥ አልከተተም፤ የለፉበት ግን ተወስዷል። ስለዚህ ለሥራ የምትሄድ ልጅ ስትሸኙ ከሁሉ በፊት የፓስፖርቷን፣ የቪዛዋንና የሥራ ውሏን ፎቶ ለሁለት ሰው ላኩ። የፓስፖርት ቁጥሯን በቃሏ ትያዝ። ደመወዟም በየወሩ ይላክ፤ አሠሪ እጅ አይጠራቀም፣ የአገር ልጅ ነው ተብሎም ከወር በላይ ለማታውቀው ሰው በአደራ አይሰጥ።

ስልክም ዛሬ ገንዘብ ነው። ቴሌብሩም የባንኩ አፕም ያለው እሱ ላይ ነው፣ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣውም በእሱ ሲም ካርድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለሲም ካርዱ የራሱን ፒን አድርጉለት፤ ስልኩ ተቆልፎ እያለ መልእክት ስክሪን ላይ እንዳይነበብም ዝጉት።

ወደ ሽኝቱ ልመለስ። የምለምናችሁ ይህን ነው። ተጓዡን በሰው ፊት ስንት እንደያዘ አትጠይቁት። መስጠት የምትፈልጉትን ከዋዜማው በፊት፣ ለብቻው ስጡት፤ ኤርፖርት ላይ ምርቃት ይበቃል። ወደ ኪሱ የሚያስገባበትን አንድ ሰዓት ተዉለት፤ የእኛ ቤት ሰዎች አሁን ከመውጣታቸው በፊት መኝታ ቤት ገብተው በር ይዘጋሉ፣ ማንም አያንኳኳም። የባንኩ የምንዛሪ ደረሰኝ ከዶላሩ ተለይቶ ይያዝ፤ ጉምሩክ ሲጠይቅ የሚወጣው ወረቀቱ እንጂ መቀነቱ እንዳይሆን።

ከተሰረቃችሁ ደግሞ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። እዚያው ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የጽሑፍ ማስረጃ ውሰዱ፤ ሌባው ባይያዝም የጠፋ ፓስፖርት ለመተካትና ኤምባሲ የመመለሻ ሊሴ ፓሴ እንዲሰጣችሁ ያ ወረቀት ይጠየቃል። ከመነሳታችሁ በፊትም ውጭ ከሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋር ተነጋገሩ፦ ችግር ከደረሰብኝ 200 ወይም 300 ዶላር ትልክልኛለህ፣ ቤተሰቤ እዚህ በብር ይከፍልልኛል በሉት። አብዛኛው እሺ ይላል። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ብቻ አትመዝግቡ፤ በወረቀትም ጽፋችሁ ገላችሁ ላይ ያለው ኪስ ውስጥ ክተቱት።