ባሮ ላይ የሞተብን ወደብ

የባሕር በር ነገር ሲነሳ ዓይናችን ሁሌም ወደ ምሥራቅ ነው፤ አሰብ፣ ምፅዋ፣ ጂቡቲ። ጋምቤላን የሚያነሳ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ተሰጠ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ፤ አስተዳዳሪውም በእንግሊዝ ሥር የነበረው የሱዳን መንግሥት ሆነ። የጂቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ያኔ ጋምቤላ የካርቱምን መርከብ መቀበል ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ቡና፣ ሰምና ቆዳ የጫነ በቅሎና ተሸካሚ ከጎሬ ደጋ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ መርከቡ ያመጣውን ጨውና ጨርቅ ይዞ ዳገቱን ይመለሳል። መርከብ የሚገባው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምቱ ወራትና ጥቂት አለፍ ብሎ ብቻ ነው። ያ ጊዜ ያለፈበት ነጋዴ ቡናውን መጋዘን አስገብቶ ቀጣዩን ሰኔ ይጠብቃል። ግማሽ ዓመት እንኳ የማይሠራ ወደብ! ያም ሆኖ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ለዓለም ገበያ ያወጣ ነበር፤ ግሪኩም ሶርያዊውም ሱቅ ከፍቶ ነግዶበታል።

ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ እጃችን ተመለሰ። የሚያስቆጨው ከዚህ ይጀምራል። በባዕድ እጅ የሠራ ወደብ በባለቤቱ እጅ ሞተ። ቡናው በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ መንግሥትም አሰብን አስፋፋ። አሰብ መስፋፋቱ ባልከፋ፤ የከፋው ጋምቤላ መረሳቷ ነው። በ1983 ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ፈነዳ። የአማፅያኑን መሪ የጆን ጋራንግን ጦር ያስጠጋነው እኛው፣ ያስታጠቅነውም እኛው፤ ጋምቤላ አጠገብ ያለችው ኢታንግ ቤቱ ሆነች። ወንዛችንን የዘጋውን ጦርነት በገዛ ጓዳችን ቀለብነው ማለት ነው። አሥር ዓመት ሳይቆይ አሰብም ከኤርትራ ጋር ሄደ። ሁለቱንም አጣን።

ዛሬ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ የሚንቦጫረቁ ልጆች፣ ታንኳውን የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ይታዩታል። ከካርቱም መርከብ ያስመጣ የነበረው ወንዝ ይሄው ነው። በዚያው በመርከቡ መንገድ ግን ከጦርነት የሸሹ ደቡብ ሱዳናውያን በመቶ ሺዎች ወደ ጋምቤላ ገብተዋል። ከወዲያ በኩል ዛሬም የቀናው የስደት መንገድ ብቻ ነው።

ጋምቤላ አሰብን ትተካለች አልልም። እስከ ደቡብ ሱዳኖቹ ናስርና ማላካል ጭነት የሚያደርስ ጀልባ ማሰብ ግን ይህን ያህል ይከብዳል? ደቡብ ሱዳን ሰላም ባገኘች ማግስት ባሮን ሥራ ለማስጀመር ዕቅድ ያዘጋጀ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ወጥቶ ይንገረን።