የሻቩዖት ዋዜማ በባት ያም

የሻቩዖት ሳምንት ሲገባ የቴል አቪቩ ሌቪንስኪ ገበያ በአይብ ይሞላል። ሌላ ጊዜ የሱቆቹን በር የሚይዙት የቅመም ጆንያዎችና የወይራ በርሜሎች ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ በጨው ውሃ የተዘፈቀው ነጭ አይብ፣ ካሽካቫል የሚሉት ቢጫው ደረቅ አይብና እርጎው ከፊት ይደረደራሉ። ሴቶች ቁራጭ እየቀመሱ፣ "ይህ ጨው በዝቶበታል፣ ከዚያኛው ቁረጥልኝ" እያሉ ሻጩን ፋታ ያሳጡታል። ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ የወረደ ሰው ብዙም ሳይርቅ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች ያገኛል። እኔም ወደ ሰፈሩ ብቅ የምለው ለእንጀራ ነበር፤ ያን ሳምንት ግን አይን አይኔን የሳበው አይቡና የአይቡ ገዢዎች ሆኑ።

ገበያው ያለበትን የፍሎረንቲን ሰፈር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ያቀኑት በአብዛኛው ከተሰሎንቄ የመጡ አይሁዳውያን ናቸው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት ያችው ተሰሎንቄ ናት። የእነዚህ ሰዎች አባቶች በ1492 ከስፔን ተባርረው በኦቶማን ቱርክ ግዛት ተጠለሉ፤ በተሰሎንቄ፣ በኢስታንቡልና በኢዝሚርም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ኖሩ። ላዲኖ የሚባለውን የጥንት ስፔንኛቸውን ሳይጥሉ፣ ከስፔን ይዘውት የወጡትን የተሞላ ሊጥ ከቱርኮቹ ቦሬክ ጋር አዋደዱትና ቡሬካስ ሆነ። በ1943 ጀርመኖች የተሰሎንቄን አይሁዳውያን በባቡር እየጫኑ ወደ አውሽቪትስ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተረፈው ጥቂት ነው። ዛሬ በሌቪንስኪ ለቁርስ የሚገዛው ትኩስ ቡሬካስ፣ ቀድመው ወጥተው የዳኑት ሰዎች እጅ ያሻገረው ነው። ይህን ሳያነሡ ስለ ጣዕሙ ብቻ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም።

በዓሉን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሻቩዖት ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ ሲዋን በሚሉት ወር በስድስተኛው ቀን ይውላል፤ ከአጨዳ ጋር የተያያዘ በዓል ሲሆን እስራኤላውያን በሲና ተራራ ኦሪትን የተቀበሉበት ቀንም ነው ይላሉ። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ሳለ መንፈስ ቅዱስ የወረደባቸው በዚሁ በዓል ስለ ነበር የእኛው ጰራቅሊጦስም ሃምሳኛ ቀን ነው። በዕለቱ መጽሐፈ ሩት ይነበባል። ማዕዱ የወተት ማዕድ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዱ ኦሪት ከማርና ከወተት ጋር ትመሰላለችና ነው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ሕዝቡ በዚያ ቀን የእርድን ሕግ ገና ስለ ተቀበለ፣ ቢላዋውና ድስቱ በሕጉ እስኪዘጋጅ ድረስ ወተት በልቶ ዋለ አለኝ። ሁለተኛው ይበልጥ ደስ አለኝ፤ ሕግ የተቀበለ ሰው መጀመሪያ ወደ ማድ ቤቱ ዞሮ ዕቃውን ሲመረምር ይታየኛልና።

ቡሬካሱ ሲሠራ ያየሁት ከቴል አቪቭ በስተደቡብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ በባት ያም ነው። በዚህች ከተማ ከቱርክ የመጡ ብዙ አይሁዳውያን አሉ። የቤቱ እመቤት በኢዝሚር፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰምርኔስ በሚላት ከተማ የተወለዱ አሮጊት ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ኖና፣ አያቴ ማለት ነው፣ እያለ ስለሚጠራቸው እኔም ኖና አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው ሚስት ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። እኔን የጋበዘችኝም ያስተረጎመችልኝም እርሷ ናት። እዚያው እስራኤል ብትወለድም ከእናቷ ጋር የምትነጋገረው በአማርኛ ነው።

ገና ከበሩ ስገባ ኖና፣ "እጅህን ታጠብና ና፣ ቆሞ የሚያይ ሰው አልፈልግም" አሉኝ።

ሊጡ እርሾ የለውም፤ ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም። ኖና አንድ ብርጭቆ ዘይትና አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሰፊ ሳህን ውስጥ አደረጉ፤ ጨው ነሰነሱና የተነፋ ዱቄት እየጨመሩ በጣታቸው ያዋህዱ ጀመር። ስንት ዱቄት እንደሚገባ ብጠይቅ፣ "የሚበቃውን ሊጡ ራሱ ይጠጣል" የሚል መልስ አገኘሁ። በዓይኔ ስገምተው ከአራት ብርጭቆ እምብዛም አይርቅም። እንደ ዳቦ ሊጥ አይታሽም፤ ብዙ ከታሸ ይደርቃል፣ ሲጋገርም ጥርስ ያስቸግራል። ወዝቶ ከሳህኑ ጎን ሲላቀቅና እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው በቃው ማለት ነው። ያን ቀን ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ ስለ ነበር ይህንኑ ልክ ደጋግመው አቦኩና ሁሉንም አንድ ላይ አደረጉት።

ከዚያ ፀጉራቸውን በሻሽ ሸፈን አድርገው ከሊጡ ትንሽ ቆነጠሩ፤ ባርከውም ለብቻው አስቀመጡት። በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ታዘዘው ከቡሖው በኩራቱ ለካህን ይሰጥ ነበር፤ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ ቁራሿ ተለይታ ትቃጠላለች እንጂ አትበላም። ቡሖው ትንሽ ሲሆን ይህ ግዴታ የለም፤ ዱቄቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል ሲያልፍ ግን ሴቶቹ ቸል አይሉትም። ምድጃውንም የለኮሱት ራሳቸው ናቸው። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ብቻውን ያበሰለውን እንዳይበሉ ሕጋቸው ስለሚያዝዝ፣ እሳቱን ከቤቱ ሰው አንዱ መለኮስ አለበት። ወጣቷ ይህን ስትነግረኝ ቅር እንዳይለኝ ሰግታ ነበር። ቅር አላለኝም፤ እኔም ጾምና ፍስክ ከሚለይ ቤት የወጣሁ ነኝ፣ ማጀት ሕግ እንዳለው አውቃለሁ።

ሦስት ዓይነት መሙያ ተሰናዳ። የመጀመሪያው ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦና ተፈጭቶ ከነጩ አይብና ከተፈቀፈቀ ካሽካቫል ጋር የተለወሰ ድንች ነው። ሁለተኛው ባዴንጃን ነው፤ ቆዳው እስኪከስል በእሳት ነበልባል ላይ ተገላብጦ ከተላጠ በኋላ መራራ ውሃው እንዲወርድ በወንፊት ላይ ያድራል፤ ከዚያ በአይብ ይለወሳል። የጢሱ ሽታ አይቡ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ለእኔ ከሦስቱም የላቀው ይህ ነው። ሦስተኛው ስፒናች ነው፤ ሳይበስል ይከተፋል፣ ጨው ይታሻል፣ ውሃው ጠብ እስከማይል ይጨመቃል። ኖና በዚህኛው ላይ ማንንም አያምኑም። እኔ የጨመቅሁትን ተቀብለው እንደ ገና ጨመቁት፤ አንድ ማንኪያ ያህል ውሃ ወጣው። "ውሃ ከቀረ ታቹ ሊጥ እንደ ሆነ ይቀራል" አሉ፤ በሥራው ሁሉ ድምፃቸው ከፍ ያለው ያኔ ብቻ ነው።

ሊጡ በትናንሽ ድቡልቡል ይከፋፈልና እያንዳንዱ በመዳመጫ መዳፍ እስኪያክል ይዳመጣል፤ መሃሉ ላይ አንድ ማንኪያ መሙያ ይደረግና እጥፍ ሲል ግማሽ ጨረቃ ይሆናል። ከባዱ ሥራ ጠርዙ ነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጥቂት ሳብ፣ እጥፍ፣ ጫን እያደረጉ ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱበት ልክ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። ያማረ ጠርዝ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አይቡ ሲፈላ ገንፍሎ እንዳይወጣ የሚይዘው እርሱ ነው። የእያንዳንዷ ሴት ጉንጉን ከሌላዋ ይለያል። ኖና በትሪው ላይ ከተደረደሩት መካከል በጎረቤታቸው እጅ የተሠሩትን አንድ በአንድ ለይተው አሳዩኝ። ጎረቤትዮዋ ቤተሰቧ ከቡልጋሪያ መጥቶ ያፎ የሰፈረ ናት። የቡልጋሪያ አይሁዳውያን ታሪክ ከተሰሎንቄዎቹ ይለያል፤ በ1943 ከነባሩ የአገሪቱ ግዛት እንዳይወሰዱ የፓርላማ አባላትና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ስለ ተከራከሩላቸው ወደ 48 ሺህ ያህሉ ተረፉ። ከ1948 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል መጡ፤ ብዙዎቹም ያፎ ሰፈሩ። ቡልጋሪያ ይዛቸው በነበሩት በትሬስና በመቄዶንያ የኖሩት ከ11 ሺህ በላይ አይሁዳውያን ግን አልዳኑም።

በላዩ የእንቁላል አስኳል ተቀብቶ አንዱ ሰሊጥ፣ አንዱ የተፈቀፈቀ አይብ ይነሰነስበታል። በ190 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ትሪው ምድጃ ውስጥ እያለ የወጣቷ እናት ድፎ ዳቦና በሰሃን አይብ ይዘው ገቡ፤ የእኛኑ አገር አይብ፣ እዚያው የናጡትንና ያወጡትን። እማማ ብዬ ተነሣሁላቸው። የቤተ እስራኤል አባቶች ይህን በዓል ማዕረር ይሉት ነበር። ቆጠራውን የሚጀምሩት የፋሲካ ሰባቱ ቀን ካለቀ በኋላ ስለ ነበር ሃምሳኛው ቀን ሲዋን 12 ላይ ይውልላቸዋል። "እኛ የአዝመራ ምስጋና ነበር የምንለው፤ ዳቦው በቄሱ ተባርኮ ይቆረሳል" አሉኝ። ትሪው ወጥቶ ሲያዩት ደግሞ ወዲያው፣ "ይህማ ሳምቡሳ ነው!" አሉ። ከ1991 በፊት ወደ እስራኤል ለመሄድ አዲስ አበባ መጥተው ሲጠባበቁ መንገድ ዳር የሚሸጠውን በምስር የተሞላ ሳምቡሳ ለምደውት ነበር። ዝምድናው ደግሞ እውነት ነው። የኢራቅ አይሁዳውያን በሽምብራ የሚሞሉት፣ ለፑሪም በዓል የሚሠሩት ሳምቡሳክ አላቸው፤ የእኛው ሳምቡሳና የእነርሱ ሳምቡሳክ ሁለቱም ከፋርስ ተነሥተው በአረቦቹ አገር በኩል የተዛመቱ ናቸው። ቡሬካስ የሚጋገር፣ ሳምቡሳ የሚጠበስ ከመሆኑ በቀር ሁለቱ አዛውንቶች እጃቸው ወዲያው ተግባባ። ኖና የእማማን አይብ ቀምሰው ጨው እንደሚያንሰው ተናገሩ፤ በጨርቅ አስረው ውሃውን አስወጡት፣ ከነጩ አይብና ከተረፈው ስፒናች ጋር ደባለቁት። ከዚያ የወጣው ቡሬካስ ለስላሳ ነበር፤ ሥጋ የሌለው የአይብና የጎመን ማዕድ ለሚያውቅ ሰው ሩቅ ጣዕም አይደለም።

ማታ ጎረምሶቹ ወደ ምኩራብ ሄዱ። የሻቩዖት ሌሊት ኦሪት ሲነበብና ሲጠና ያድራል፤ በኢየሩሳሌም ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ሺዎች በእግራቸው ወደ ምዕራባዊው ግንብ ይወርዳሉ። ባት ያም ላይ ጎረምሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ይኸው ቡሬካስ ነው፤ ከጎኑም በሽንኩርት ልጣጭ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ሲበስል ያደረ፣ ቅርፊቱ ቡና የመሰለ እንቁላል ይቀርባል። ከስፔን የተሰደዱት ሰዎች የሰንበትና የበዓል ቁርስ ይህ ነው።

በሱቅ የሚሸጠውን ቡሬካስ አልነቅፍም። በቅጠል በቅጠል የሚነሣው የማርጋሪን ሊጥ የራሱ ጥቅም አለው፤ ማርጋሪኑ ወተት ስለሌለበት የድንቹን ቡሬካስ ሥጋ የበላ ሰውም ሊበላው ይችላል። ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ ስለማይገናኙ ደንበኛው እንዳይሳሳት የአይቡ ሦስት ማዕዘን፣ የድንቹ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ገዢውም ቅርጹን አይቶ ይለያል። ሥርዓቱ ብልህ ነው። ይሁን እንጂ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሚጋገረው ቡሬካስ ምግብ እንጂ በዓል አይደለም ባይ ነኝ። ኖና ቤት ያየሁት ዋዜማ የሁለት አገር ስደተኞችን፣ ጎረቤትን፣ ምራትንና እንግዳን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለግማሽ ቀን አስቀምጧል፤ የሚጎነጎን ጠርዝ ባይኖር ማንም ያን ያህል ሰዓት አይቀመጥም ነበር። የኖና የልጅ ልጆች ዛሬ ከሱቅ የሚገዙት ጊዜ አጥተው ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው። ጉንጉኑን የምታውቀው ግን ከሁሉም ያችው የጎንደሬዎቹ ልጅ ብቻ ናት፤ ተቀምጣ ስለ ተማረች ነው።

ለአገሬ አንባቢ አንድ ቃል ልጨምር። የዚህ ቡሬካስ ሊጥ ዘይት፣ ውሃ፣ ጨውና ዱቄት ብቻ ስለሆነ የጾም ነው። መሙያውን በድንችና በተቁላላ ሽንኩርት፣ ወይም በደንብ በተጨመቀ ቆስጣ አድርጉት፤ በላዩ የሚቀባውን አስኳል ትታችሁ ዘይት ቀቡት፣ ሰሊጥ ነስንሱበት። ልጆቻችሁን ጠርዙ ላይ አስቀምጧቸው።