ያረጀች መኪና በአቃቂ መንገድ

ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በዱከም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ፣ አቃቂ ቃሊቲ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ቀስ በቀስ ሽቅብ እንደሚወጣ ያስተውላል። ቤተሰብ ጭና የምትጓዝ ያረጀች መኪናም ድካሟን የምትገልጸው በዚህ ሥፍራ ነው።

ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውኃው ቶሎ ፈልቶ ይጎድላል፤ ሞተሩ ሲግልም ቴስታታው ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ስስ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ምልክቱም የማያቋርጥ ነጭ ጢስና ወተት የመሰለ ዘይት ነው።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ጋራዦች፣ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ አይመልስም። ቴስታታው ቀጥ ማለቱን ይለካል፤ ከተጣመመ ወደ ቶርኖ ቤት ልኮ ያስተካክለዋል፤ ቡሎኖቹንም ከመካከል ወደ ዳር በተራ ያጠብቃል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏልና፣ አሮጌይቱን በእንክብካቤ መያዝ ብልህነት ነው። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የሙቀቱ መለኪያ ከፍ ሲል መኪናዋን አቁሙ፤ ሞተሩ ሳይበርድም የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ። የሞተር ጉዳት በገንዘብ ይጠገናል፤ በፈላ ውኃ የተቃጠለ የልጅ ፊት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።