ማይክሮግራም የጣለኝ ቀን

ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርማሲ ቴክኒሺያን እንዴት ሆንሽ እያላችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ በስቴቱ የፋርማሲ ቦርድ በሰልጣኝነት ተመዝግቤ ስልጠና ገባሁ። ቀጥሎ ብሔራዊው ፈተና፤ 90 ጥያቄ፣ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ማለፊያው 1400 ነጥብ። ክፍያው 129 ዶላር ነው (እኔ ሁለቴ ከፍያለሁ!)። የፈራሁት እንግሊዝኛውን ነበር፤ የጣለኝ ግን ስሌቱ ነው። ማይክሮግራምን ከሚሊግራም አምታታሁ። ልዩነቱ 1000 እጥፍ ነው! የታይሮይድ ኪኒን የሚታዘዘው በማይክሮግራም ነው፤ እዚያ ላይ ብሳሳት የሚጎዳው የአላህ አማና የሆነ ሰው ነው። ወላሂ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

ከዚያ በየቀኑ ከሱብሒ በኋላ ስሌት ብቻ ሠራሁ። አልሐምዱሊላህ አለፍኩ፤ ቦርዱም በቴክኒሺያንነት መዘገበኝ። ዛሬም ማይክሮግራም የሚል ማዘዣ ሲመጣ ሁለቴ አነበዋለሁ።