የማን ልጅ ነህ?

ከባሕር ማዶ ከመጡት መጻሕፍት አንዱን በዚህ ሰሞን አንብበን በጨረስን ጊዜ፥ ዘግተነው ብዙ ሰዓት ዝም ብለን ቈየን። መጽሐፉ «ታላቋ ጊሊ ሆፕኪንስ» የሚባለው፥ ካትሪን ፓተርሰን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ያሳተመችው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በማግሥቱም ዓመት የአገሯን የብሔራዊ መጽሐፍ ሽልማት አግኝታበታለች። ለልጆች የተጻፈ ነው ቢባልም፥ ጠጕሩ የሸበተ ሰው እንኳ እንባውን ሳይጠርግ የሚጨርሰው አይመስለንም።

በአሜሪካ አገር፥ ወላጅ የሞተበትን ወይም ወላጁ ሊያሳድገው ያልቻለውን ልጅ መንግሥት ተረክቦ ለፈቃደኛ ቤተሰብ በአደራ ይሰጠዋል፤ ለቀለቡም ገንዘብ ይከፍላል። ጊሊም እንዲህ ካሉት አንዷ፥ የ11 ዓመት ብላቴና ናት። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይኸው ወደ ሦስተኛ ቤት ተዛወረች። እናቷ በሩቅ በካሊፎርኒያ አለች። ልጅቱ የእናቷን ፎቶግራፍ እንደ ክታብ ሸሽጋ ይዛ፥ አንድ ቀን መጥታ ትወስደኛለች ብላ ስለምታምን፥ ለማንም ልቧን አትሰጥም። አሳዳጊዋ ትሮተር ወፍራም፥ ትምህርቷ ጥቂት፥ ቤቷም ዝርክርክ የሆነ ሴት ናት። ጊሊ ከእርሷና ከዓይነ ስውሩ ጎረቤት ገንዘብ ሰርቃ ልትሸሽ ስትል ትያዛለች፤ ትሮተር ግን እንደገና ወደ ቤቷ ትመልሳታለች። በመጨረሻም ልጅቱ ያን ቤት ቤቴ ማለት በጀመረች ጊዜ፥ ቀድሞ በቍጣ ለእናቷ የጻፈችው ደብዳቤ ፍሬ ያፈራና አያቷ መጥታ ትወስዳታለች። እናቲቱም ለጥቂት ቀን ጥየቃ የመጣችው፥ አያቲቱ የመንገዱን ዋጋ ስለ ከፈለችላት ነበረ።

ደራሲዋ ይኸን ለመጻፍ የተነሣችበት ምክንያት ከታሪኩ ያላነሰ ያስደንቃል። ሁለት የካምቦዲያ ብላቴኖችን ለጥቂት ጊዜ በቤቷ ተቀብላ በነበረ ጊዜ፥ ችግር በተነሣ ቍጥር «ደግነቱ የሚቈዩት ለጥቂት ጊዜ ነው» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። በኋላ ግን፥ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያስብለት ልጅ ምን ይሰማው ይሆን ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት፥ በአገራችን በመንገድ የተገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ከስሙ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ጊሊ ቀለብም አልጋም አላጣችም፤ ያጣችው ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው። እኛም መጽሐፉን ስናነብ አሳባችን ወደ አዳሚ ቱሉ የሄደው ስለዚህ ነው።

አዳሚ ቱሉ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ፥ ዛሬ ባቱ የምትባለውን የዝዋይን ከተማ ጥቂት አልፎ የሚገኝ ከተማ ነው። ስሙ በኦሮምኛ የቍልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ግራር የበዛበት፥ ከብት የሚረባበት ሜዳማ አገር ነው። በዚያ አካባቢ፥ እንደ ሌላውም የኦሮሞ አገር ሁሉ፥ ጉዲፈቻ የሚባል የቈየ ሥርዓት አለ። ቃሉ ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ሲሆን፥ ዛሬ ወደ አማርኛው የመንግሥት ሕግ ገብቶ የሁላችን ቃል ሆኖአል። ሥርዓቱ በሹክሹክታ አይፈጸምም። ሽማግሌዎችና ዘመዶች ባሉበት የወለዱት ይሰጣሉ፥ የሚያሳድጉትም ይቀበላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የአሳዳጊው ጎሣ የልጁ ጎሣ፥ የአሳዳጊው አያት የልጁ አያት ነው። ይወርሳል፤ አሳዳጊዎቹ በኋላ የአብራካቸውን ክፋይ ቢወልዱ እንኳ፥ ቀድሞ የገባው የጉዲፈቻ ልጅ የበኵርነቱን ቦታ አይለቅም። በበኵርነት ስንት ወንድማማች እንደ ተጣላ ለሚያውቅ ሰው፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላም የአገራችን ክፍል የጡት ልጅ፥ የማር ልጅ የሚባል ልማድ ነበረ፤ እርሱ ግን ለጥገኝነትም ይውል ስለ ነበረ ከዚህ ጋር አናስተካክለውም።

ከዚህ ሥርዓት አጠገብ የእኛ የከተሞች ሰዎች ልማድ ሲቆም ያሳፍራል። ከገጠር የድኻ ዘመድ ልጅ «እናሳድጋለን፥ እናስተምራለን» ብለን እናመጣለን። አንድ የምናውቀው ቤት አለ፤ የቤቱ ልጆች በመኪና ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፥ ልታድግ የመጣችው ብላቴና የእነርሱን ጫማ ትጠርግ ነበር። የምትበላው ከማድ ቤት፥ የምትተኛውም ከማድ ቤት ነው። እንግዳ ሲጠይቅ እመቤቲቱ «ልጃችን ናት» ትላለች፤ እንግዳው ከወጣ በኋላ ግን ብላቴናይቱ ሰሓን ታነሣለች። ጊሊ እንኳ ከትሮተር ጋር እኩል ከገበታ ትቀመጥ ነበር።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፥ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ እንዳይጸና አድርጎአል፤ ፍርድ ቤቱም አስቀድሞ የልጁን አሳብ መመልከት አለበት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆቻችን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰዎች መሰጠታቸው በሕግ ቀረ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን ሌላው ቃል ነው። ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቈረጥም፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይበልጣል። ለጊሊ ማንም ያላሰበላት ይህ ነበር፤ እርሷን አንዱን ቤት ለማግኘት ሌላውን እንድታጣ አደረጓት።

ሁለቱን ቤት አጣምሮ መያዝ እንዴት እንደሚቻል በዓይናችን ያየነው በአዳሚ ቱሉ ነው። በአንድ የበጋ ወራት ለሥራ ሄደን በአንድ ሽማግሌ ቤት አደርን። ልጆቻቸውን ሲያስተዋውቁን አምስት ቈጠሩ፤ ከመካከላቸው በጉዲፈቻ የመጣ እንዳለ ከእርሳቸው አፍ አልወጣም። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበርና፥ አንዲት ሴት ወተት በቅል ይዛ ገባች። የዐሥር ዓመት ያህሉ ብላቴና ሮጦ እጅዋን ሳመ፥ ውሃም አቀረበላት። የወለደችው እርሷ እንደ ሆነች አብሮን የተጓዘው ሰው በጆሮአችን ነገረን። ቅቤ የጠጣ ቡና ቀረበ።

ሽማግሌውም ልጁን ለእንግዳ ለማሳየት የአባቶቹን ስም እንዲቈጥር አዘዙት። ብላቴናው ቆሞ የአሳዳጊውን ስም፥ የአያቱን፥ የቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ሲወጣ፥ ከስድስተኛው በላይ አንዱን ዘለለ። ከጥግ ሆና ስሙን የነገረችው ያቺው ሴት ናት፤ እርሱም ተቀብሏት ቈጠራውን ቀጠለ።