ብቻውን ለሚያነብ ሰው

በጉባኤ ቤት ዘመን ተማሪ መጽሐፍ አይመርጥም ነበር፤ የሚመርጠው መምህር ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረውና ቁራሽ እየለመነ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ዋድላ የሚንከራተተው የማን ብራና ይሻላል ብሎ ሳይሆን የማን አፍ ይሻላል ብሎ ነበር። መጽሐፉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከፍቺው ላይ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ከሥራ መልስ፣ በቤቱ፣ ለብቻው መጽሐፍ ቅዱስን ላጥና ብሎ ሲነሣ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። መምህሩ አጠገቡ የለም፤ መጽሐፉ ደግሞ በርክቷል። በአንድ መደርደሪያ ላይ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትርጉም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1980 ዓ.ም. ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችው ሰማንያ አሐዱ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ገዢ ሽፋኑን ያገላብጣል፤ የፊደሉን ድቃቂነት ያያል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንዱን በከረጢት አስይዞ ይሄዳል። መምህር መርጦ መሄዱን ግን ልብ አይልም።

ይህን ልብ አለማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ከአዲስ አበባ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ማለት ይበቃል። እናት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ዳዊት የደገሙት ደብተራ ከነበሩት አባታቸው ሥር ቁጭ ብለው ነው። ልጅቱ ከዐሥር ዓመት በፊት ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ያን ጊዜ ጠብ ነበር፤ ከጠቡ በኋላ ዝምታ መጣ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ይወራል፤ ስለ እምነት አይወራም። የእናት መጽሐፍ በነጠላ ተጠቅሎ ከራስጌ ይቀመጣል፤ የልጅቱ ከቦርሳዋ አይወጣም። የቤቱ አባወራ ካረፉ በኋላ ግን ሌሊቱ ረዘመባቸውና አንድ ማታ ልጅቱ፣ «እማዬ፣ ማታ ማታ የምትደግሚውን አብረን እንበለው፤ አንቺ በግዕዙ፣ እኔ በአማርኛው» አለቻቸው። እናት ደስ አላቸው። «መዝሙር ዘጠናን አውጪ» አሉ።

ልጅቱ ዘጠናን አወጣች። እናት በቃላቸው የሚያውቁት መዝሙር በልዑል ረድኤት ስለሚኖር ሰው፣ ከሌሊት ድንጋጤና ከወረርሽኝ ስለ መጠበቅ ይናገራል። ከልጅቱ ፊት የተከፈተው የሙሴ ጸሎት ነው፤ ስለ ሰው ዕድሜ ማጠር። ሁለቱም ዝም አሉ። «ጎደሎ ነው ሲሉ ውሸት አልነበረም» አሉ እናት ቀስ ብለው። ልጅቱም የእናቷ መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ ኖሮ የተዛባ መስሏት ሳትመልስ መጽሐፏን ዘጋች። የተጀመረው ነገር በዚያው ሊቀር ነበር።

የጎደለም የተዛባም ነገር አልነበረም። ዕብራይስጡ ዘጠኝና ዐሥር ብሎ ለሁለት የሚቆጥረውን መዝሙር የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ግዕዙ ከግሪክ የተተረጎመ ስለሆነ ግሪኩን ይከተላል። ከዚያ ጀምሮ እስከ መቶዎቹ ድረስ የእናት ዳዊት ከልጅቱ በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። በመካከል አንድ ቦታ ላይ ሁለት መዝሙሮች ይጋጠማሉ፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ አንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም መቶ አምሳ ላይ ይገናኛሉ፤ ግዕዙ መቶ አምሳ አንደኛውን ይጨምራል። የእናት ዘጠና የልጅ ዘጠና አንድ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ሠንጠረዥ ነው፤ ከአጋዥ መጻሕፍት ሁሉ ርካሹ። ይሁንና ስንት ሰው በዚህች ግማሽ ገጽ ጉድለት ወንድሙን መጽሐፍ ቀያሪ ብሎት ይሆን?

የቁጥሩ ልዩነት የዘር ምልክት ነው። መጽሐፍም እንደ ሰው አባትና አያት አለው፤ ትርጉም ለመምረጥ የሚሻም አስቀድሞ ማን ማንን ወለደ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የግዕዙ አባት ግሪኩ ነው፤ በአክሱም ዘመን የተወለደ። የአማርኛው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ደግሞ ከአገር ውጭ፣ ከካይሮ ይጀምራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ አቡ ሩሚ የሚባል፣ ኢየሩሳሌምንና ፋርስን፣ ህንድንም ሳይቀር ያየ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ እዚያ ይኖር ነበር። አስሊን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አገኘውና ሁለቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው ተቀመጡ። ዐረብኛውን ቀስ እያሉ ያነባሉ፤ የከበደውን ቃል በዕብራይስጡ፣ በሶርያው፣ በሰብዓ ሊቃናቱ እያዩ ይፈታሉ፤ አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፋል። ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ። ሽማግሌው ከሥራው አንዲት ፊደል ሳይታተም በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን ዊልያም ጆዌት እ.ኤ.አ. በ1820 ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር ይህ ሰው በአንድ መስመር ታልፎ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። 9,539 ገጽ አማርኛ በዚያ ዘመን ከእርሱ በፊት ማን ጽፎ ያውቃል?

የኋለኞቹ ከሌላ ምንጭ ቀዱ። የ1954ቱ ዕብራይስጡንና ግሪኩን ተመርኩዞ የተዘጋጀ ነው፤ የሰማንያ አሐዱ ብሉይ ግዕዙንና ሰብዓ ሊቃናቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ብዙ ሕዝብ የሌለው ሀብት አለው፤ ሁለት የዘር ሐረግ በአንድ ቋንቋ። ገንዘቡ ሁለት መጽሐፍ ብቻ የሚገዛለት ሰው ከአንድ ወገን ሁለት ወንድማማች ከሚገዛ፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ቢገዛ ይበጀዋል። ሁለቱ ሲስማሙ ልቡ ያርፋል፤ ሲለያዩ ደግሞ ጥናት የሚጀመረው ከዚያ ነው። የቋንቋውን ጉዳይ በተመለከተ የ1954ቱ የዐረፍተ ነገር አካሄድ ዛሬ ለወጣቱ ጆሮ ይከብዳል፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ያቀለዋል። መቅለሉ መልካም ነው። ነገር ግን ተርጓሚ ያቀለለው ሁሉ ተርጓሚ የወሰነው ነው፤ የሻከረው ቦታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ራሱ የሻከረበት ነው። ስለዚህ አዲሱን የያዘ አንባቢ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን ማስታወሻ ሳያነብ አይለፍ። ተርጓሚው «እንዲህም ይሆናል» ብሎ የሚናገረው እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ ከአገር ስም ይወሰድ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከኤደን ወንዞች አንዱ የሚከብበው ምድር በ1954ቱ ትርጉም ኢትዮጵያ ተብሏል፤ በምዕራፍ 10 የካም ልጅ ስም ደግሞ ኩሽ ነው። በዕብራይስጡ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፣ ኩሽ። ምድሩን ኢትዮጵያ ያሉት የግሪክ ተርጓሚዎች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ቃሉ በተለይ ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለው አገር ይነገር ነበር። ይህን ለእናት ሲነግሯቸው የአገራቸውን ስም የነጠቋቸው ያህል ይሰማቸዋል፤ የሚያስቀይም ነገር ግን የለበትም። የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና ራሱ በሦስት ጽሕፈት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ በግዕዙ ሐበሻ ያለውን በግሪኩ ኢትዮጵያ ብሎታል። ስሙ ተሰጠም ተወረሰም፣ የተያዘው ከጥንት ነው።

ከትርጉም ቀጥሎ መዝገበ ቃላት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ የእንግሊዝኛው አጋዥ መጽሐፍ ሁሉ ተደምሮ የማይሰጠው ነገር አለ። እርሱም በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን አፈሰሱበት፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ በአንድ ጥራዝ። መጽሐፉን አዲስ የሚገልጥ ሰው ግን ሊናደድ ይችላል፤ ሀ ሁ ብሎ ፈልጎ አያገኝምና። የተደረደረው በአ በ ገ ደ ተራ ነው፤ ቃሉም የሚገኘው በግሱ ሥር ነው። ሁለት ሳምንት ከለመዱት በኋላ ንዴቱ ይረሳል።

ጥቅሙን ለማየት «ነፈሰ» የሚለውን ግስ ፈልጎ ማውጣት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ለኒቆዲሞስ ሲናገር በግሪኩ ነፋስ የሚባለውና መንፈስ የሚባለው አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፍለዋል፤ የተከፈሉት ሁለት ቃላትም ዘመድ አይደሉም፤ አንባቢው የቃል ጨዋታውን ከማስታወሻ ካልነገሩት አይሰማውም። አማርኛውም ነፋስ፣ መንፈስ ብሎ ይከፍላል፤ ነገር ግን ነፋስም፣ ነፍስም፣ መንፈስም ከአንድ ግስ የተወለዱ ናቸው። እናትና ልጅ የመዝሙሩ ጉዳይ ከተፈታላቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይህን ሲያዩ፣ ልጅቱ ስንት ዓመት በየስብከቱ የሰማችውን ምዕራፍ እንደ አዲስ አነበበችው። «አባቴ ሁልጊዜ ግሱን ግለጪ ይሉኝ ነበር» አሉ እናት፤ «እኔ ለፈተና መስሎኝ!»

ልጅቱ በስልኳ የያዘችው ሌላ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የታተመው የጄምስ ስትሮንግ የቃላት ማውጫ ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል ቁጥር ሰጥቶታል፤ ዛሬ ቁጥሩን በጣት ነካ ማድረግ ብቻ ነው። ማውጫው የተሠራው ለእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ነው፤ ቃሉ የት የት እንደሚገኝ በማሳየት ወደር የለውም። አደጋው ከቁጥሩ አጠገብ ያለችው አጭር ፍቺ ላይ ነው። ስድስት ትርጉም ሲዘረዘር አንባቢ ደስ ያለውን አንሥቶ በፈለገው ጥቅስ ላይ ይለጥፋል። ቃል ግን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ «ገባ» ማለት እንግዳ ሲገባ፣ ነገሩ ሲገባና ጸሐይ ስትገባ አንድ አይደለም። በስልኩ ቦታውን ፈልጎ፣ ፍቺውን ከዐውዱ መጠየቅ ነው ያለው መላ።

አንድምታውን ያለ ዕድሜው የሚከፍት ሰው ደግሞ አለ። መጻሕፍቱ በትንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤት እየታተሙ ከወጡ ወዲህ ቀድሞ ከመምህር አፍ ብቻ ይገኝ የነበረው በእጅ ሆኗል። ንባቡን ሳያዩ አንድምታውን መክፈት ወጡን ሳይቀምሱ ጨው እንደ መጨመር ነው፤ ንባቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ካሄዱ በኋላ ከሆነ ግን ትልቅ ሀብት ነው። መምህሩ ግዕዙን በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ፊተኛውን አያፈርሰውም። ልጅቱ መጀመሪያ ይህ አልጣማትም፤ «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» እያለች እናቷን አስቸገረቻቸው። እርሳቸውም የሁሉንም ፍቺ እኩል ማክበር እንደማይገባ አምነዋል፤ አንዳንዱ አንድም ከቃሉ ይልቅ ለመምህሩ ብልኃት ያደላል። ነገር ግን የአዲሱ ትርጉም የግርጌ ማስታወሻና የጎንደር መምህራን «አንድም» የሚያደርጉት ከሞላ ጎደል አንድ ሥራ መሆኑን ያየችው ልጅቱ ናት።

በመጻሕፍቱ ቁጥር ላይ ዛሬም አልተስማሙም። ስድሳ ስድስት ትላለች እርሷ፤ ሰማንያ አሐዱ ይላሉ እርሳቸው። በዚህ ክረምት የይሁዳን መልእክት ሲያነቡ ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ የተናገረው ትንቢት ላይ ደረሱ። መልእክቱ በስድሳ ስድስቱ ውስጥ አለ፤ ትንቢቱ የተነሣበት መጽሐፈ ሄኖክ ግን የለም። ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ከቁምራን ዋሻዎች የወጡትን የአራማይስጥ ቁርጥራጮች ሚሊክ እ.ኤ.አ. በ1976 እስኪያሳትማቸው ድረስ የድሮ ቋንቋው እንኳ ሲያከራክር ኖሯል። እናት ምንም አልተናገሩም። ከራስጌያቸው ሰማንያ አሐዱን አንሥተው፣ ነጠላውን ፈትተው፣ የሄኖክን መጀመሪያ ምዕራፍ ገልጠው ከፊቷ አኖሩላት። ልጅቱ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን እያየች ረዥም ጊዜ ቆየች።

«እስከ እሑድ አውሺኝ» አለች።

«ውሰጂ፤» አሉ እናት፤ «ከቦርሳሽ ግን አትክተቺው፣ ጥራዙ ይላላል።»