ሁለት መስመር

ልጄ ኤፍ ማምጣቱን የሰማሁት ከራሱ አፍ አይደለም፤ ከኮሌጁ ገንዘብ ተቀባይ ነው። የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ክፍያ ልከፍል ሄጄ ደረሰኝ ስትቆርጥልኝ «የሚደግመው ኮርስ አለ፤ እሱ ለብቻው ይከፈላል» አለችኝ። የቱ እንደሆነ ብጠይቃት የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በጃቫ ፕሮግራም መጻፍ የሚባለው ነው። ከፍዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ስለ ገንዘቡ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን «ትምህርት እንዴት ነው?» ባልኩት ቁጥር «አሪፍ ነው እማዬ» እያለ መክረሙ ነበር።

ማታ እህቱ ከተኛች በኋላ ተናገረ። የመጨረሻውን ፕሮጀክት ከጓደኛው ገልብጦ ነው ያስገባው። አስተማሪው ገና ማየት እንደጀመረ አንዱን መስመር በጣቱ ነክቶ «ይህ ምን ይሠራል?» አለው። ልጄ መልስ አልነበረውም። ሌላ ጥያቄም አልተጠየቀም።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሳምንት ያህል በመካከላችን የነበረው ንግግር «እራት ቀርቧል» እና «መጣሁ» ብቻ ነበር።

አንድ ማታ ማድ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ላስረዳሽ? ባይገባሽም ችግር የለም፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ።» ለካ አስተማሪው ኮርሱን ለሚደግሙት ልጆች «ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ካልቻላችሁ፣ እናንተም አልገባችሁም» ብሏቸዋል። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ሲፈልግ እኔ ታየሁት። ፕሮጀክቱን ሊያቀርብ አሥር ቀን ቀርቶታል። «እየላጥኩ እሰማለሁ» አልኩት።

የተሰጠው ሥራ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ፋይል የሚያመጣና ወደዚያም የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የማጓጓዣው ደንብ ኤፍ ቲ ፒ ይባላል። መጀመሪያ የጻፈው አብሃይ ቡሻን የሚባል፣ አሜሪካ ኤም አይ ቲ ይማር የነበረ ህንዳዊ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1971። በእኛ 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እኔ የተወለድኩበት ዓመት። በ1985 እንደገና ተስተካክሎ ታተመ፤ ልጄም ያጠናው ይህን ነው።

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» አልኩት።

«የእኔ ፕሮግራም ክላየንት ነው፤ ወዲያ ያለው ሰርቨር። ክላየንቱ በ21 ቁጥር በር ይደውላል። ሰርቨሩ 220 ይላል፤ ‹ዝግጁ ነኝ› ማለት ነው። የተጠቃሚ ስም እልክለታለሁ። 331 ይላል፤ ‹ስምህን ተቀብያለሁ፣ ፓስወርድ ጨምር›። ፓስወርዱን ስልክ 230 ይላል፤ ‹ግባ›። ፓስወርዱ ከተሳሳተ 530 ብሎ ይመልሰኛል።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አንባቢዎቼ፣ እኔ ከ1983 እስከ 2000 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ «እንደምን አደሩ፤ ማንን ልበልልዎት? ከማን ልበል? መስመር ላይ ይጠብቁኝ» ስል ኖሬያለሁ። አሁን ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ልጆቼም የሚያውቁኝ በሱቁ ነው። ያ ሥራ እንደገና ማድ ቤቴ ውስጥ ይነሳል ብዬ አላሰብኩም።

«ቁጥሮቹን ሁሉ በቃልህ ነው የምትይዘው?» አልኩት። አይደለም፤ የመጀመሪያዋ አኃዝ ትበቃለች። በ1 የሚጀምር «ጀምሬያለሁ፣ ጠብቅ» ነው። በ2 «ተፈጽሟል»፣ በ3 «ጥሩ፣ ግን ተጨማሪ ንገረኝ»፣ በ4 «አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 ደግሞ «አይሆንም»። የአራትና የአምስት ልዩነት ደስ አለኝ። እኛም ስንሠለጥን በመጀመሪያ የተማርነው ይህንኑ ነበር፤ «ለጊዜው መስመሩ ተይዟል» እና «በዚህ ስም የተመዘገበ እንግዳ የለንም» አንድ አይደሉም። ሁለቱን የምታምታታ ኦፕሬተር ደዋዩን ቀኑን ሙሉ በከንቱ ታስደውለዋለች።

ቀጥሎ ያስረዳኝ ግን መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር። ንግግሩ የሚካሄድበት መስመር ፋይሉን አያመላልስም። ለፋይሉ ሌላ መስመር ይከፈታል። ክላየንቱ «የት ልደውል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም 227 ብሎ በቅንፍ ስድስት ቁጥሮች ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አድራሻው ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ በዚያ ማታ 195 እና 80 ነበሩ፣ የበሩ ቁጥር ናቸው። 195ን በ256 ያባዛና 80 ይደምራል፤ 50000 ይመጣል።

«ታዲያ ለምን በቀጥታ ሃምሳ ሺህ አይልህም?»

ልጄ ቆም አለ። ቀመሩን እንጂ ምክንያቱን አላሰበበትም ነበር። ክፍሉ ገብቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ከ255 በላይ አይዝም፤ የበር ቁጥር ደግሞ እስከ 65535 ስለሚሄድ ለሁለት ተከፍሎ ይላካል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ከማንም ያልገለበጠው ነገር ነዋ።

ከዚያ ማታ በኋላ ማድ ቤቱ የእሱም ሆነ። ኮዱን ሁሉ አንድ ቦታ ክምር አድርጎ እንደጻፈው ነገረኝ፤ ጃቫ ግን ሥራን በክላስ ከፋፍሎ መጻፍን የሚጠይቅ ቋንቋ ነው። ስለ ክላስና ስለ ኦብጀክት ሲያብራራልኝ ግራ ገባኝና በራሴ መንገድ ሄድኩ። ሆቴል ውስጥ ኦፕሬተሯ ወጥ ቤት ገብታ ድስት አትከፍትም፤ በውስጥ መስመር ደውላ ትጠይቃለች። ወጥ ቤቱ እንዴት እንደሚያበስል የእሷ ጉዳይ አይደለም። «እንግዲህ ‹የስልክ ኦፕሬተር› የሚለው የሥራ መደብ ክላስ ከሆነ፣ በሌሊት ፈረቃ የተቀመጥኩት እኔ ኦብጀክት ነኝ ማለት ነው?» አልኩት። ሳቀ። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳቁን አልሰማሁም ነበር። በማግስቱ ኮዱን ለሦስት ከፈለው። አንዱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ይነጋገራል፣ አንዱ ሁለተኛውን መስመር ከፍቶ ያጓጉዛል፣ ሦስተኛው የመጣውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል።

ሊያቀርብ አራት ቀን ሲቀረው ወጥመድ ውስጥ ገባ። እቤት ላፕቶፑ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ኮሌጅ ሲወስደው እምቢ አለ። 331 ሲጠብቅ እንደገና 220 ይመጣለታል። ሁለት ሌሊት አልተኛም። በሦስተኛው ቀን ንግግሩን እንዳለ በወረቀት አትሞ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት።

«ሰርቨሩ፣ 220፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። እኔ ስሜን እልካለሁ። ሰርቨሩ፣ 220፣ ይህ አገልግሎት ለተማሪዎች ብቻ ነው ይላል። እኔ ፓስወርድ እልካለሁ...»

«ቆይ» አልኩት። «ሰውዬው ሰላምታውን መቼ ጨረሰ?»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየው። ለካ ከ220 ቀጥሎ ትንሽ ሰረዝ አለች። ሰረዝ ካለ «ንግግሬን አልጨረስኩም» ማለት ነው፤ በሰረዟ ቦታ ክፍት ቦታ የመጣ እንደሆነ ያ የመጨረሻው መስመር ነው። የኮሌጁ ሰርቨር ሰላምታ ሦስት መስመር ነበር፤ የልጄ ፕሮግራም ግን አንዷን ሰምቶ መናገር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው መልስ ሁሉ የቀድሞው ነው። ደንቡ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አንብቦም አልፎታል። እኔ ደንቡን አላውቅም፤ ሰው ሳይጨርስ የሚያቋርጥ ደዋይ ግን አውቃለሁ።

የፎቶውን ችግር ያገኘው ግን ራሱ ብቻውን ነው። ለሙከራ ብሎ አልበሜ ውስጥ ያለውን ፎቶ ስካን አድርጎ ኖሯል፤ ስዊችቦርዱ ፊት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የተነሳሁትን። ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ በራሱ ፕሮግራም ሲያመጣው ፎቶው ከግንባሬ በታች ተበላሽቶ መጣ። የፋይሉ መጠን ደግሞ ከዋናው በልጦ ነበር፤ የጠቆመውም ይህ ነው። ኤፍ ቲ ፒ ካልነገሩት በስተቀር የሚያጓጉዘው ሁሉ ጽሑፍ ይመስለዋል። 10 የሚል ባይት ባየ ቁጥር «የመስመር ማብቂያ ነው» ብሎ 13 ይጨምርበታል። ፎቶ ውስጥ ያለ 10 ግን የመስመር ማብቂያ አይደለም። ከማጓጓዙ በፊት «ታይፕ አይ» የምትል ትእዛዝ፣ ማለትም «እንዳለ አምጣው፣ እጅህን አታስገባ» የምትል አንድ መስመር ጨመረ። ፊቴ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፓስወርዱ በመስመሩ ላይ እንዲሁ በግልጽ ይሄዳል ወይ? አዎን፣ በመካከል ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። እኛም ያኔ መሰኪያውን ጠለቅ አድርገን ጆሮ ብንሰጥ መስማት እንችል ነበር። ማናችንም አላደረግነውም ብዬ አልምልም። ለዚህ ነው ዛሬ ቁም ነገር ያለው ፋይል በዚህ መንገድ የማይላከው፤ ክሮምና ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፍ ቲ ፒን ጨርሰው አውጥተውታል። «ታዲያ ለምን ያስተምሯችኋል?» አልኩት። «ንግግሩ በዓይን ስለሚታይ» አለኝ። የተመሰጠረውን ከፍተህ ብታነብ ምንም አይገባህም፤ ይህን ግን እንደ ደብዳቤ ታነበዋለህ።

ያቀረበ ዕለት ሱቅ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ። አስተማሪው ኮዱን ወደ ላይና ወደ ታች ካገላበጠ በኋላ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ የመልሱን አራተኛ ፊደል ሰረዝ ወይስ ክፍት ቦታ ብሎ የሚፈትሸውን። «ይህ ምን ይሠራል?»

«ምን አልከው?»

«‹ሰርቨሩ ንግግሩን እስኪጨርስ ያስጠብቀኛል› አልኩት።»

ውጤቱ ሲ ፕላስ ነው። መስመር በመሀል ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ካቆመበት መቀጠል ስለማይችል ነጥብ ተቀንሶበታል፤ እኔ ቢ ጠብቄ ነበር፤ አልነገርኩትም። አሁን ማንም ሳያዝዘው ያችን የመቀጠያ ትእዛዝ እየጨመረ ነው። ፎቶው አልበሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ጥጉ ተቆርሶ ነበር። ስካን የተደረገውን በፍላሽ ለፎቶ ቤት ሰጥቻለሁ፤ ለቅዳሜ ብለውኛል።